ሐሙስ ጎል የሚያገባው ልጅ እሁድ ለምን ይስታል?

ጅማ ውስጥ ከሰፈራችን ታዳጊዎች ጋር ሜዳ መዋል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጠሩ። ልጆቹ "ኮች" ይሉኛል። ፊሽካም አለኝ። ደሞዝ ግን የለውም።

አንድ ዘጠኝ ቁጥር፣ አጥቂ ማለት ነው፣ አለን። ሐሙስ ልምምድ ስንጨርስ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታል። አስር መትቶ ዘጠኝ ያገባል። በረኛችን መዝለል ሰልችቶት ቆሞ ያየዋል። እሁድ ግጥሚያ ላይ ግን ያው ልጅ፣ በዚያው እግሩ፣ ከዚያው 11 ሜትር ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ላካት። ሕፃናት ሊያመጧት አስፋልት ድረስ ሮጡ።

ቀጥሎ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። "ፈሪ ነው።" "ዓይን በላው።" "የልምምድ ንጉሥ!" አንዱ እንዲያውም ከባጃጁ ሳይወርድ "ኮች፣ ይሄን ልጅ ጠበል ውሰደው እንጂ" አለኝ።

እኔም ድሮ "ፈሪ ነው" ከሚሉት ነበርኩ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ነገሩን ሳነብና ሳይ ከረምኩ። አብዛኛው ጥፋት የልጁ ሳይሆን የሐሙሱ ልምምድ ሆኖ አገኘሁት። ያንን ልምምድ ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰውነት ምን ይሆናል?

ሰው የሚፈራው ወይም በጣም የሚፈልገው ነገር ፊቱ ሲደቀን ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ድው ድው ይላል። ትንፋሽ ያጥራል። አፍ ይደርቃል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። "ሆዴን ባር ባር አለኝ" የሚያሰኘን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፊሽካ ሊነፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግማሹ ቡድን ሽንት ቤት የሚሰለፈውም በዚሁ ጣጣ ነው።

ይሄ በሽታ አይደለም። ሰውነት ራሱን እያዘጋጀ ነው። ለሩጫ፣ ለግፊያ፣ ለዝላይ እንዲያውም ያግዛል። ችግር የሚመጣው ስስ ሥራ ላይ ነው። ኳስ በልክ መምታት፣ በትክክል ማቀበል፣ ቅርጫት ውስጥ መጣል ጡንቻ ሲገታተር ይበላሻል።

እዚህ ላይ የምወደው የበረሮ ታሪክ አለ። ሮበርት ዛዮንክ የሚባል አሜሪካ የነበረ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1969 በረሮዎችን አሯሯጡ። በረሮ ብርሃን ስለማይወድ መብራት ሲበራበት ይሸሻል። አንዳንዶቹን ቀጥ ባለ መንገድ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ መታጠፊያ ባለው መንገድ ለቀቋቸው። ከዚያ ዳር ዳር ተመልካች አስቀመጡ። ተመልካቾቹም በረሮዎች ነበሩ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ተመልካች ሲኖር ፍጥነት ጨመረ። መታጠፊያ ባለበት ግን ዘገዩ። በረሮ እንኳ በሰው ፊት፣ ማለቴ በበረሮ ፊት፣ ቀላሉን ያሳምርና ከባዱን ያበላሻል። ልጆቹ ይሄን ስነግራቸው ልምምዱ በሳቅ ቆመ። ግን ገባቸው።

ጭንቅላትስ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ጅማ ስለሆንን በቡና ላስረዳ።

ከልጅነቷ ጀምራ ቡና ያፈላች ልጅ አስቡ። ጀበናውን አንስታ ረከቦቱ ላይ በተደረደሩት ሲኒዎች ስትቀዳ አታስብም። እያወራች፣ እየሳቀች፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያለ ሁሉንም እኩል ትሞላለች። ጠብታ አይፈስም። አንድ ቀን ግን አማት ሊሆኑ የሚችሉ ሴትዮ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እጇን ትኩር ብለው ያያሉ። ልጅቷም የገዛ እጇን ማየት ጀመረች። ስንት ያህል ላዘንብል? የቱ ጋ ልያዘው? አሁን ላቁም? ሲኒው ሞልቶ ፈሰሰ።

ምን ሆነች? መቅዳት አልረሳችም። ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ሥራ ያለ እኛ ቁጥጥር ራሱን ችሎ ይሠራል። ስንጨነቅ ግን እንዳይሳሳት ብለን መሪውን እንቀማዋለን። እኛ ደግሞ ከእሱ የባስን ሹፌሮች ነን።

ሲያን ባይሎክ የምትባል ተመራማሪና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ይሄንኑ በኳስ አሳይተዋል። ልምድ ያላቸውና ጀማሪ ተጫዋቾች በተደረደሩ ኮኖች መካከል ኳስ እየነዱ እንዲያልፉ ተደረገ። እየነዱ ኳሷን የነካው የእግራቸው የትኛው በኩል እንደሆነ እንዲከታተሉ ታዘዙ። ልምድ ያላቸው በቀኝ እግራቸው ሲነዱ ዘገዩ። ጀማሪዎቹን ግን ያው ትኩረት ረዳቸው። ልምድ ያላቸውም ባልለመደው ግራ እግራቸው ሲነዱ ማሰቡ ጠቀማቸው።

ይሄ ለአሰልጣኝ ትልቅ ነገር ነው። ያልጠነከረ ችሎታ ላይ "እግርህን አስተውል" ማለት ትምህርት ነው። የጠነከረ ችሎታ ላይ፣ በተለይ በግጥሚያ ቀን፣ ማደናቀፊያ ነው። እሁድ ጠዋት ከመስመር ዳር "ቁርጭምጭሚትህን አጥብቅ! ሰውነትህን አጎንብስ!" እያልኩ የጮህኩባቸውን ዓመታት ሳስብ አፍራለሁ።

ሌላም አለ። ጭንቅላት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሐሳብ ጥቂት ነው። ዘጠኝ ቁጥራችን ኳሷን ሲያስቀምጥ ቦታውን ሌላ ሐሳብ ሞልቶታል። ብስትስ? አባቴ ምን ይላል? ሄርማታ ሰፈር ያሉት ልጆች ሲስቁ? በዚህ ላይ የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አድጎ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫ ሲያነሳ የሰማ ልጅ ሁሉ "ከዚህ ከተማ እንዲህ ይወጣል" እየተባለ ነው ያደገው። ደስ ይላል። ግን ሸክምም ነው። በረኛው ወዴት እንዳዘነበለ የሚያይበት ቦታ አልተረፈውም።

ልምምድ እንዴት ያታልላል?

አሁን ወደ ሐሙስ እንመለስ። ልጁ አስር ኳስ በተከታታይ ይመታል። የመጀመሪያዋ ትንሽ ከፍ ብትል ሁለተኛዋን ዝቅ ያደርጋታል። ሦስተኛዋ ላይ ልኩን ያገኛል። አስረኛዋ የዘጠኝ እርማት ውጤት ናት። እሁድ ግን አስረኛ የለም። ያለችው አንደኛዋ ብቻ ናት።

ይሄ ሲገባኝ ደብተር ያዝኩና የእያንዳንዱን ልጅ የቀኑን የመጀመሪያ ምት ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ዘጠኝ ቁጥራችን የመጀመሪያዋን ብዙ ጊዜ ይስታታል። ሐሙስም ይስታታል! እሁድ የመጣ ችግር አልነበረም። ሐሙስ ከዘጠኝ ጎሎች ጀርባ ተደብቆ ነበር።

አንድን ነገር ደጋግሞ ደጋግሞ መሥራት ሜዳ ላይ ያምራል። አሰልጣኙም ልጁም ደስ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በባድሜንተን፣ በራኬት በሚመታው የላባ ኳስ ጨዋታ፣ የተሠራ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ሦስት ዓይነት ኳስ ማስጀመሪያ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ገሚሶቹ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አለፉ። ገሚሶቹ እያቀላቀሉ ተለማመዱ። በኋላ ሲፈተኑ፣ በተለይ ካልለመዱት በኩል ሲጫወቱ፣ ያቀላቀሉት በለጡ። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። የሚያቀላቅል ሰው እያንዳንዱን ምት ከባዶ ነው የሚያስበው። ግጥሚያም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ "የልምምድ ንጉሥ" የሚባለው ልጅ አንዳንዴ ንግሥናው ራሱ የውሸት ነው። ልምምዱ አቅልሎለታል።

ምን ይደረግ?

ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር "ዘና በል" ነው። ዘና በል የተባለ ሰው ዘና ሲል አይቼ አላውቅም። የሚሻለው ሐሙስን ወደ እሁድ ማስጠጋት ነው።

ኔዘርላንዳዊው ራውል ኡደያንስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ሥራ አለ። ሰዎች ግድግዳ መውጫ ላይ ተንጠልጥለው ትንንሽ ፍላጻ ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ አደረጉ። አንዱ ቡድን መሬት አጠገብ፣ ሌላው ከፍ ብሎ፣ ልቡ እየደለቀ ተለማመደ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ከፍ ብለው ሲፈተኑ እየፈሩ የተለማመዱት ችሎታቸው አልወረደም። ፍርሃቱ አልጠፋላቸውም። አብረውት መሥራት ግን ችለዋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በልምምድ ላይ ቀለል ያለ ጭንቀት እንኳ ለከባዱ ጊዜ ሊረዳ እንደሚችል አሳዩ። ይሄኛውን የምወደው መጮህና ማዋረድ አያስፈልግም ስለሚል ነው። ልጅን መስደብ "ጫና መለማመድ" አይደለም። ስድብ ነው።

እኛ ጋ ምን አደረግን? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሐሙስ አስር ምት ቀረ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ምት ብቻ አለው፣ ያቺም ሳይታሰብ ትመጣለች። ልምምዱ መሐል ፊሽካ እነፋና "አንተ!" እላለሁ። ላቡ እየወረደ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመታል። ሌሎቹ መሐል ሜዳ ቆመው ያያሉ። ከሜዳው ማዶ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮች ስላሉ እነሱንም ጠራናቸው። ጅማ ላይ ነፃ ተመልካች ከፈለጋችሁ ከባጃጅ ሹፌር የሚሻል አታገኙም። ያፏጫሉ፣ ይሳለቃሉ፣ በረኛውን ይደግፋሉ። የሳተ ልጅ ኳሶቹን ሰብስቦ ያጥባል። በቃ፣ ቅጣቱ ይሄው ነው። ለኳስ አጣቢነት ሲባል ልብ እንዴት እንደሚደልቅ ብታዩ!

ዝናብም አለ። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው አልነግርም። ድሮ ሲዘንብ ልምምድ እንሰርዝ ነበር። ከዚያ እሁድ በጭቃ ስንጫወት ልጆቹ ይንሸራተቱና ሜዳውን እንረግማለን። አሁን መብረቅ ከሌለ አንሰርዝም። ማሊያም አንዳንድ ሐሙስ እናስለብሳለን። በእሁድ ብቻ የሚለበስ ማሊያ በራሱ ልብ ያስደልቃል። ትልቅ ሜዳ ላይ ለመጫወት ዕድል ስናገኝ ደግሞ አስቀድመን ወስደን ዝም ብለን እናስቀምጣቸዋለን። የዩኒቨርሲቲውን ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት መቀመጫውን ሲቆጥር ነው የሚያጠፋው። ቆጠራውን ቀደም ብሎ ይጨርስ።

ሁለተኛው ነገር ቋሚ ልማድ ነው። ኖርዌያዊው ጌይር ዮርዴት የዓለም ዋንጫንና የአውሮፓ ዋንጫን የመሳሰሉ ውድድሮች ላይ የተመቱ ፍጹም ቅጣት ምቶችን አንድ በአንድ መርምሯል። ዳኛው እንደነፋ ቶሎ ብለው የመቱት የበለጠ ይስታሉ። ያስቸኮላቸው "ቶሎ ልገላገለው" የሚለው ስሜት ይመስላል። ዘጠኝ ቁጥራችንም ልክ እንደዚያ ነበር። አሁን ኳሷን አስቀምጦ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዴ በአፍንጫው ይስባል፣ ቀስ ብሎ ረዘም አድርጎ በአፉ ያወጣል። የሚመታበትን ጥግ በልቡ አንድ ቃል ይጠራል። ከዚያ ይመታል። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣት የልብን ምት ቀዝቀዝ ያደርጋል። ጥጉን መጥራት ደግሞ ሐሳቡን ከእግሩ ላይ አንስቶ ኳሷ ወደምትሄድበት ይወስደዋል። ይሄ ግን ሐሙስ ካልተለመደ እሁድ አይመጣም። እሁድ ጠዋት የተማረ ልማድ ሌላ ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ልቡ የሚመታበትን ልጅ "ተረጋጋ" ከማለት "ጓጉተሃል" ማለት ይሻላል። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ሥራ ሰዎችን ከማዘፈኗና ንግግር ከማስደረጓ በፊት ለራሳቸው አንድ ነገር እንዲሉ አደረገች። ጓጉቻለሁ ያሉት ተረጋግቻለሁ ካሉት የተሻለ ሠሩ። ፍርሃትና ጉጉት ሰውነት ላይ ይመሳሰላሉ፤ ልብ በሁለቱም ይደልቃል። የሚደልቅን ልብ ማስቆም ከባድ ነው። ስሙን መቀየር ግን ይቻላል።

ሁሉም ከጭንቅላት አይደለም

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ጉርምስናዬ ላይ ሯጭ ነበርኩ፣ 5,000 ሜትር። ጅማ ላይ ጥሩ ሰዓት ነበረኝ። አዲስ አበባ ለውድድር ተወሰድኩና አስራ ሁለት ዙር ተኩሉን ስጨርስ ሰዓቴ እዚህ ከሮጥኩት በጣም የዘገየ ነበር። የያኔው አሰልጣኜ አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም እየሰማ "ልብ የለህም" አለኝ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ያንን ቃል ይዤ ተመለስኩ።

ከዓመታት በኋላ ነው የገባኝ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ረዘም ያለ ሩጫ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ዝቅ ካለ ቦታ ወጥቶ ደጋ ላይ የሮጠ ልጅ ሰዓቱ ቢዘገይ አይገርምም። አብረውኝ የሮጡት የደጋ ልጆች ሰውነታቸው ለምዶት ነበር። እንግዲህ ሰዓትን ከሰዓት የምታወዳድሩ አሰልጣኞች፣ ከፍታውንም አብራችሁ ጻፉ።

ሌላም ጥፋት ነበረ። ውድድሩ ቅዳሜ ሆኖ እስከ ረቡዕ ድረስ ከጓደኞቼ ጋር ጅሬን ዳገት ላይ እንሽቀዳደም ነበር። ማን ማንን ቀደመ ነበር ወሬያችን። ውድድሬን ረቡዕ ሮጬ ጨርሼዋለሁ። ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሥራ የሚለው ሌላ ነው። ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የልምምዱን መጠን ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱን ግን እንዳለ መተው የተሻለ ውጤት ያመጣል። እኛ አገር ይሄ ይከብዳል። ልምምድ የቀነሰ ልጅ ሰነፍ ይባላል። ግን "ውድድር ላይ ይወድቃል" ከሚባሉት ሯጮች ብዙዎቹ የደከሙ ናቸው እንጂ የፈሩ አይመስሉኝም።

ምግብንም በአንድ አረፍተ ነገር ልለፈው፦ ሰውነቱ ያልለመደውን ነገር በውድድር ቀን የሚበላ ልጅ ሽንት ቤት ሆኖ የማስጀመሪያውን ተኩስ ይሰማል።

እና ስለ ተጠባባቂዎች። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፓሪሱ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ። ከዚያ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። "እኔ አልሰለፍም" ብሎ ልምምዱን ቢተው ኖሮ ያ ቀን አይኖርም ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ፊሽካ ስነፋ የምጠራው ዘጠኝ ቁጥርን ብቻ አይደለም። ወንበር ላይ የሚቀመጠውንም፣ ሁለተኛውን በረኛም እጠራለሁ።

የወላጆችን ነገር በመጨረሻ ያመጣሁት እልህ እንዳይዘኝ ነው። እሁድ ጠዋት "ዛሬ እንዳታሳፍረኝ" ብሎ ልጅን መሸኘት ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ከመላክ እኩል ነው። ስለ ሌላ ነገር አውሩት። ቁርሱን ይብላ። የዘጠኝ ቁጥራችን አባት ይሄን ስነግራቸው ተቆጡ። "አንተ ልጄን ልታስተምረኝ?" አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ ግን እንደወትሮው መስመሩ ዳር አልቆሙም። ርቀው ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በጋዜጣ ሸፍነው፣ ከጋዜጣው በላይ ያዩ ነበር።

ልጁ ባለፈው ሐሙስም ያቺን አንድ ምት ሳታት። ሹፌሮቹ አፏጩበት። ኳሶቹን ሲያጥብ አጠገቡ ሄጄ "እንዴት ነህ?" አልኩት። "ኮች፣ ሁለቱን ሹፌሮች ለይቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው እነሱ ባሉበት በኩል ነው የማገባው" አለኝ።